የጌዴኦ ገበሬ መብት፦ ባለዕዳው ማን ነው?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ድንጋጌ አለ። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 8 ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ለምርታቸው ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ዋጋው ኑሯቸውን የሚያሻሽል መሆን አለበት፤ በምርት ካደረጉት አስተዋጽኦ ጋር የሚመጣጠን ድርሻም ከአገሪቱ ሀብት ሊያስገኝላቸው ይገባል። ይህን በጌዴኦ ዞን በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬ ወይም በጌዴብ ቡና ለሚለቅም ሰው ብታነቡለት፣ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። መብቴ ከሆነ፣ የሚከፍለኝ ማን ነው?

ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ዓለም አቀፍ ፍትሕ የሚጽፉ ምሁራን ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩ የኖሩት በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋና በከባድ ቃላት ስለሚቀርብ ከገበሬው ጓሮ የራቀ ይመስላል። ጌዴኦን ይዞ ለሚያነበው ግን በጣም ቅርብ ነው። ይህ ማብራሪያ የክርክሩን ዋና ዋና ሐሳቦች በጌዴኦ በሆነው ነገር እያሳየ ያቀርባል።

ተቺዎቹ ምን ይላሉ?

የሰብአዊ መብት ተቺ ሲባል መብት የማይወድ ሰው ማለት አይደለም። ከተቺዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው የመብት ተሟጋቾች ናቸው። የሚያስቆጣቸው መብት የሚነገርበት መንገድና ከንግግሩ ውጭ የሚቀረው ነገር ነው። አራቱን ማወቅ ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል።

ኬንያዊው የሕግ ምሁር ማካው ሙቱዋ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሰብአዊ መብት ትረካ ሦስት ገጸ ባሕርያት ብቻ አሉት ይላል። አንዱ ጨካኝ፣ አንዱ ራሱን መርዳት የማይችል ተጎጂ፣ አንዱ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አዳኝ ነው። ጨካኙና ተጎጂው ሁልጊዜ ከአፍሪካና ከእስያ ሲሆኑ አዳኙ ከምዕራብ ነው። በዚህ ትረካ ተጎጂው ፊት እንጂ አንደበት የለውም።

ታንዛኒያዊው ኢሳ ሺቭጂ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መጽሐፉ ለአፍሪካ ገበሬና ሠራተኛ ከቀዳሚዎቹ መብቶች አንዱ የመደራጀት መብት ነው ብሎ ይሟገታል። ከላይ የሚታደል መብት ሲፈለግ ይነሣል፤ ሰዎች ተደራጅተው ያስከበሩት መብት ግን ጠባቂ አለው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ቶማስ ፖጊ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ስለ ድህነት ነው። የሩቅ ሰው ድህነት ሀብታሞች ሲራሩ የሚረዱት ጉዳይ ተደርጎ መታየቱን አይቀበልም። የንግዱን፣ የብድሩንና የባለቤትነቱን ዓለም አቀፍ ደንብ የጻፉት መንግሥታት በደንቡ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ናቸው። ስለዚህ ከምጽዋት በፊት የሚጠበቅባቸው መጉዳታቸውን ማቆም ነው።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሳሙኤል ሞይን እ.ኤ.አ. በ2018 የጨመረበት ነጥብ አለ። የሰብአዊ መብት እንቅስቃሴ ሰው ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የሚል ወለል አበጅቷል፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ስላለው ርቀት ግን ብዙም አልተናገረም ይላል። ሰው በረሃብ ካልሞተ መብቱ ተጠብቋል ከተባለ፣ የድርሻው ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል።

አራቱም በየፊናቸው የሚነኩት ነገር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። መብት ባለመብት ብቻውን አይበቃውም፤ ባለዕዳም ያስፈልገዋል። ባለዕዳው ስሙ ያልተጠራ መብት ሊጠየቅ አይችልም።

ከፓሪስ ድምፅ እስከ ምችሌ

ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን ሲያጸድቅ፣ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረ በአዳራሹ ወንበር የነበራቸው የአህጉሪቱ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያ ድምፅ ለአገሪቱ ክብር ነው።

በዚያው ጊዜ የጌዴኦ ገበሬ ጭሰኛ ነበር። አካባቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ ሕዝቡ ገባር ሆነ። መሬቱ ለሹማምንት፣ ለወታደሮችና ለባላባቶች ተከፋፈለ። ቡና ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር የመሬቱ ዋጋ ከፍ አለ፤ የባለርስቱም ፍላጎት አብሮ ጨመረ። ቡናውን ተክሎ፣ አርሞ፣ ለቅሞ የሚያደርቀው ጭሰኛ ለባለርስቱ የሚሰጠው ድርሻ የኑሮው ዋና ሸክም ሆነ።

መግለጫው ከጸደቀ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ገበሬዎች ተነሡ። ምችሌ በተባለው ስፍራ ጦርና ገጀራ የያዙ ገበሬዎች ጠመንጃ ከታጠቁ ባለርስቶችና ደጋፊዎቻቸው ጋር ተጋጩ፤ ብዙ ገበሬዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ጭሰኝነት በሕግ የተሻረው ከ15 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የምችሌ ገበሬዎች ሲነሡ የፓሪሱን መግለጫ አልጠቀሱም። የራሳቸው የፍትሕ ሥርዓት ነበራቸው። የጌዴኦ ሕዝብ በባሌ ሥርዓት በአባ ገዳ ይመራል፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ይዳኛሉ። ስለ ድርሻና ስለ በደል ለመነጋገር ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅ ቃል አልነበረም። ሺቭጂ መብት ከመደራጀት ይወለዳል ሲል የሚናገረው እንዲህ ስላለው ታሪክ ነው። ባለዕዳውም በዚያን ጊዜ የሚታይ ነበር፤ ገበሬው የባለርስቱን ቤት ያውቀው ነበር።

የስሙ ባለቤት ማን ነው?

ዛሬ ባለዕዳው እንደዚያ በቅርብ አይታይም። አንድ የይርጋጨፌ ገበሬ ቀይ እሸቱን ለሰብሳቢ ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር ይሸጣል። እሸቱ በመፈልፈያ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ ይሄዳል፤ ወደ 6 ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ለኤክስፖርት የሚሆን ቡና ይወጣዋል። ከዚያ አቅራቢ፣ ላኪ፣ አስመጪ፣ ቡናውን የሚቆላው ድርጅትና ቸርቻሪ በየተራ ይቀባበሉታል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ከቡናው ጋር እስከ መጨረሻው የሚጓዘው የገበሬው ንብረት ስሙ ብቻ ነው፦ ይርጋጨፌ።

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይህን ስም ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የይርጋጨፌ ምዝገባ በዓመቱ ተሳካ። በሲዳሞና በሐረር ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለውን ስም የያዘ የራሱን የምርት መጠሪያ ለማስመዝገብ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ለኢትዮጵያ የሚሻላት በመልክዓ ምድራዊ አመልካች ወይም በማረጋገጫ ምልክት መጠበቅ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኢትዮጵያ ደግሞ ቁጥራቸው ብዙ፣ ማሳቸው አነስተኛ የሆኑ ገበሬዎች ባሉበት አገር እያንዳንዱን እያረጋገጡ መቆጣጠር የማይቻል ወጪ ነው ብላ መለሰች።

ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ዘመቻ ጀመረ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ለኩባንያው ቅሬታቸውን ላኩ። ድርጅቱ በስሞቹ ላይ መብት ቢረጋገጥ ለአገሪቱ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ሊገኝ እንደሚችል ገምቶ ነበር። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀምና ለማስተዋወቅ ተስማማ፤ ፈቃዱም ክፍያ የማይጠየቅበት ነው።

ይህ ጉዳይ ሁለት ገጽ አለው። በመጀመሪያው ገጽ የሙቱዋ ትረካ ይሰበራል። ኢትዮጵያ የቀረበችው በባለቤትነት ነው፤ የውጭው ድርጅትም የቆመው በአጋርነት ነው። ጥያቄው ስለ እርዳታ ስላልነበረ ክርክሩ በንብረት ሕግ ተካሄደ። ድሃ አገር በሀብታም አገር ሕግ፣ በሀብታም አገር መሥሪያ ቤት ፊት ቆማ ድርሻዋን ስትጠይቅ ዓለም አይቶ ተማረ።

ሁለተኛው ገጽ ወደ ቤት ይመለከታል። የስሙ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው መንግሥት ነው፤ ፈቃዱም የገንዘብ ክፍያ አያስገኝም። ስለዚህ ስሙ ያገኘው ክብር ወደ ገበሬው ኪስ የሚደርሰው የአገር ውስጡ ግብይት ካደረሰው ብቻ ነው። የውጭው ባለዕዳ ሲጠየቅ የውስጡ ባለዕዳ ከተረሳ ፍትሑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ዋጋው የት ይወሰናል?

የአረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ የሚቆረጠው በኒው ዮርክ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አምራችና ገዢ አገሮች በዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ዋጋውን በተወሰነ ደረጃ ያረጋጉ ነበር። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. የኮታው ሥርዓት ፈረሰ። ቬትናም ምርቷን በብዛት ስታሳድግና ገበያው ሲጥለቀለቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዋጋው በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ። የብራዚል ድርቅና ውርጭ፣ የቬትናም ዝናብ፣ የኒው ዮርክ ነጋዴዎች ግምት የጌዴኦን ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ይወስናሉ። ፖጊ ስለ ደንብ የሚናገረው እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል፤ ኮታው እንዲፈርስ ሲወሰን የይርጋጨፌን ገበሬ ማንም አልጠየቀውም።

አገር ውስጥም ደንብ ሲቀየር ቆይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡና በግዴታ በእሱ በኩል መሸጥ ጀመረ። ገበያው የዋጋ መረጃን ግልጽ አደረገ፤ ክፍያም በወቅቱ እንዲፈጸም አስቻለ። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። በዓለም ገበያ ደግሞ ለልዩ ቡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፈለው ይህን ለማወቅ ነው። የገበሬዎች ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መብት ስለነበራቸው፣ በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የቡናውን መነሻ ይዞ መሸጥ ቻለ። በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 የግብይት ሥርዓቱ ሲሻሻል ለሌሎችም በሩ ሰፋ።

የዩኒየኑ ጉዳይ የሺቭጂን ነጥብ ያጠናክራል። የተደራጀ ገበሬ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ዕድል አለው። መደራጀቱ ግን እውነተኛ የሚሆነው አባሉ ሒሳቡን ማየት፣ መሪውን መምረጥና መሻር ሲችል ነው።

በ2010 ዓ.ም. የሆነው

የጌዴኦ ስም በዓለም ዜና በሰፊው የተሰማው በቡና ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ አዋሳኝ አካባቢዎች ግጭት ተቀሰቀሰ። ብዙዎች ወደ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ በሰኔ ዳግም አገረሸ። ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ አብዛኞቹ በምዕራብ ጉጂ ይኖሩ የነበሩ ጌዴኦዎች ሲሆኑ ከጉጂዎችም የተፈናቀሉ ነበሩ። በዚያ ዓመት በግጭት ምክንያት አዲስ በተፈናቀሉ ሰዎች ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ነበረች።

ሸክሙን የተቀበለው ዞን ራሱ ጠባብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጌዴኦ ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይኖር ነበር። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ያላለቁ ሕንፃዎች በሰው ተሞሉ፤ የገበሬው ጓሮም እንግዳ ተቀበለ። በጌዴብ ወረዳ በጎቲቲ የተጠለሉ ሰዎች በረሃብ መጎዳታቸው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አካባቢ በዜና ሲሰራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስፍራውን ጎበኙ። በግንቦት መንግሥት ተፈናቃዮችን የመመለስ ሥራውን አፋጠነ። በወቅቱ የወጡ የረድኤት ድርጅቶችና የጋዜጠኞች ዘገባዎች መጠለያዎች መፍረሳቸውን፣ የምግብ እርዳታ መቋረጡንና ብዙዎች ደኅንነታቸው ሳይረጋገጥ መመለሳቸውን ገልጸዋል።

በዚህ ጊዜ ዓለም ያየው የሙቱዋን ሦስት ገጸ ባሕርያት ነው፤ ጨካኝ፣ ተጎጂ፣ አዳኝ። ያልታየው ብዙ ነው። ጌዴኦና ጉጂ ለትውልድ የተጋቡ፣ በገበያ የተሳሰሩ፣ ደም ሲፈስ ጎንዶሮ በሚባለው ሥርዓት የሚታረቁ ሕዝቦች ናቸው። የመሬት ጥበት፣ የአስተዳደር ወሰን ጥያቄና የባለቤትነት ክርክር ከጀርባ ነበሩ። ሰዎቹን ቀድመው ያስጠለሉትም የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ የእነሱ ስም ግን በአዳኝነት እምብዛም አልተጠራም።

ይሁን እንጂ የመብት ቋንቋ በዚህ ወቅት ከንቱ አልነበረም። ሱዳናዊው ፍራንሲስ ዴንግ የመሩት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1998 የተባበሩት መንግሥታትን የአገር ውስጥ መፈናቀል መመሪያ መርሆች አስገኝቷል። መርሆቹ መመለስ በፈቃደኝነት፣ በደኅንነትና በክብር መሆን አለበት ይላሉ። አፍሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. በካምፓላ ስምምነት ይህን አስገዳጅ ሕግ አደረገችው፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጸደቀችው። ስምምነቱ ለተፈናቃዮች ጥበቃና እርዳታ የመጀመሪያው ኃላፊነት የመንግሥት እንደሆነ በግልጽ ይጽፋል። ባለዕዳው እዚህ ላይ ስም አለው። እርዳታ አቋርጦ ሰው መመለስ ስህተት መሆኑን ዛሬ በሙሉ አፍ የምንናገረው ይህ ስለተጻፈ ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ሰነዶች

እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ጓሮ የሚነኩ ሁለት ዓለም አቀፍ ውሳኔዎች ወጡ።

በመስከረም፣ ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርን በዩኔስኮ መዝገብ አሰፈረ። የተመዘገበው ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከሥር፣ ከእንሰቱም ሥር ቡና የሚበቅልበት እርሻ፣ በሕዝቡ ባህል የሚጠበቁ ቅዱስ ደኖችና የትክል ድንጋዮች ስፍራ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ዳገት ላይ ዛፉን ሳያጠፋ መኖሩ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው ተባለ።

ከዚያ በፊት በሰኔ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ጸንቶ ነበር። ደንቡ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መልክዓ ምድራዊ መገኛ ማቅረብ አለበት። ተግባራዊነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል።

ደኑን መጠበቅ ትክክለኛ ዓላማ ነው። ችግሩ ያለው በሸክሙ አከፋፈል ላይ ነው። በሕጉ ግዴታው የአውሮፓው አስመጪ ነው፤ በተግባር ግን ማሳውን የመለካት፣ የመመዝገብና መረጃውን የመያዝ ሥራና ወጪ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት እስካለው ገበሬና እስከ ማኅበሩ ድረስ ይወርዳል። ዛፉን ለትውልድ የጠበቀው ሰው አለመቁረጡን እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ለጠበቀበት ግን በዚያ ደንብ የተመደበለት ክፍያ የለም። ይህ የዓለም አቀፍ ፍትሕ ጥያቄ ነው። ዓላማው የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ መሆን አለበት፤ በደንቡ አወጣጥ ላይም ጓሮው የሚነካው ሰው ድምፅ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ መብትን እንተው?

አንተውም። ትችቱ አንድ አደጋ አለው፤ ሥልጣን የያዘ ሰው ሊወስደው ይችላል። ሰብአዊ መብት የምዕራባውያን መሣሪያ ነው የሚለው ንግግር ከሙቱዋ አፍ ሲወጣ ተጎጂው አንደበት ያግኝ ማለት ነው። እስረኛ ከሚያሰቃይ ወይም ተፈናቃይ ከሚያስገድድ ባለሥልጣን አፍ ሲወጣ ግን ዝም በሉ ማለት ነው። ሁለቱን መለየት የዜጋ ሥራ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ትችቱ ለተበደለው ሰው ተጨማሪ ኃይል ይሰጠዋል ወይስ ያለውን ይነጥቀዋል?

ሌላም ማምለጫ አለ። ሁሉንም ጥፋት በዓለም ሥርዓት ላይ መጫን የቅርቡን ባለዕዳ ነፃ ያወጣል። የኒው ዮርክ ዋጋ ሲወርድ የወረዳ ባለሥልጣን ጥፋት የለበትም፤ ዋጋው ሲጨምር ጭማሪው ገበሬው ዘንድ ካልደረሰ ግን የሚጠየቀው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ የመብት ጥያቄ ሲነሣ ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይጠቅማል። መጀመሪያ፣ ባለመብቱ የተጠራው በተጎጂነት ብቻ ነው ወይስ በባለቤትነትና በወሳኝነትም? ቀጥሎ፣ ባለዕዳው በስም ተለይቷል ወይ? ቀበሌው፣ ክልሉ፣ ፌዴራል መንግሥቱ፣ ላኪው፣ የውጭ ገዢው ወይስ ደንብ አውጪው ኅብረት ነው? ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዱም የየራሱ ድርሻ አለበት። በመጨረሻም፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ባለመብቱ የሚሄድበት ደጅ አለ ወይ? ፍርድ ቤት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤና ሶንጎው ራሱ ደጆች ናቸው፤ ክፍት መሆናቸው የሚታወቀውም ሲንኳኩ ነው።

በጌዴኦ ከዚህ የሚወጣው ሥራ ተጨባጭ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የዓመቱን ሽያጭና የትርፍ ክፍፍል ገበሬው በሚገባው ቋንቋ በጉባኤ ያንብቡ። የማሳ መረጃ ለአውሮፓ ገበያ ሲሰበሰብ ወጪውን ገዢው ይጋራ፤ መረጃውም የገበሬው ንብረት ሆኖ ይቀመጥ። ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው መሬቱንና ንብረቱን ማግኘቱ በሰነድ ይጣራ፤ ላላገኘው ካሳ ይወሰን። ለእያንዳንዳቸው በኃላፊነት የሚጠየቅ አካል አለ፤ እኛም ያንን አካል በስሙ ጠርተን እስኪፈጽም ድረስ መጠየቅ አለብን።